የመሥመር አደራ

ሥዕልን ማየትና ሥዕልን መመልከት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ማየት የዐይን ሥራ ብቻ ሲሆን፥ መመልከት ግን ትዕግሥትን ይጠይቃል። ለዚህ አባባላችን ምስክር እንዲሆነን፥ ዌንሴስላውስ ሆላር የተባለው ሠዓሊ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1643 ዓ.ም. የሠራውን «ክረምት» የተሰኘ የልብስ ሥዕል መርጠናል። ክረምቱም የዝናብ ሳይሆን የብርድ ነው። በመጽሐፍ ታትሞ ያገኘነውን ይህን ሥዕል፥ ከቢሮ ሥራ በኋላ በመብራት ሥር አቅርበን ብዙ ምሽት መርምረነዋል።

ሆላር በዚሁ አቆጣጠር በ1607 ዓ.ም. በፕራግ ተወልዶ በ1636 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ አገር የገባ ሰው ነው። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ የመዳብ ሠሌዳ በሰም መሰል ቅባት ይቀባል፤ ቅባቱ በመርፌ ይጫራል፤ መርፌው የገለጠውን መዳብ አሲድ ይበላዋል፤ በተበላውም ሥፍራ ጥቁር ቀለም ሞልቶ በወረቀት ላይ ይታተማል። እንግዲህ ሐሩንና ጠጉሩን፥ ቆዳውንና ድንጋዩን የሚለየው መሥመር ብቻ ነው።

ወይዘሮይቱ ቆማለች። ፊቷ በጭምብል ተሸፍኗል፤ ከትከሻዋ ላይ ባለጠጉር ለምድ ደርባለች፤ የእጅ ማሞቂያዋም ከዚያው ዐይነት ነው። ጠጉሩን ቀርበን ብናይ፥ አጫጭር ጭረቶች ጎን ለጎን ተኝተው ጫፋቸው እየቀጠነ ከነጩ ወረቀት ጋር ይቀላቀላሉ። የቀሚሱ መሥመር ግን ረጅም ነው፤ እንደ ጨርቁ ክብደት ይወርዳል።

የላይ ቀሚሷን ሰብስባ ከፍ አድርጋዋለች። ስለዚህ እጥፋቶቹ ወደ ተያዙበት ሥፍራ ይሰበሰባሉ፤ የተመልካችም ዐይን እነርሱን ተከትሎ ይሄዳል። ጭምብሉ የሸሸገውን ሰውነቷን ይህ አያያዝ ይገልጥልናል። አድማሱ ዝቅ ብሎ ስለ ተሠራ ሴቲቱ ከከተማው በላይ ትገዝፋለች፤ በስተኋላዋ የለንደን የኮርንሂል መንገድና የሮያል ኤክስቼንጅ ግንብ አንሰው ይታያሉ። ያ ግንብ በ1666 ዓ.ም. በታላቁ የለንደን ቃጠሎ ጠፋ። ግንቡን እሳት በላው፤ አሲድ የበላው መሥመር ግን እስከ ዛሬ አለ።

በቤታችን የሟች እናታችን ነጠላ በሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። ጥለቱ አልደበዘዘም፤ ጨርቁም አልሳሳም። ዳሩ ግን ነጠላ የሚናገረው በአለባበሱ ነው፤ ለኀዘን ሲሆን ጥለቱ ወደ ላይ ይውላል፥ ለደስታ ሲሆን ወደ ታች ይወርዳል። እናታችን ጫፉን በየትኛው ጣቷ ይዛ ወደ ትከሻዋ ትመልሰው እንደ ነበር፥ ጭቃ ስትሻገርም ቀሚሷን እንዴት ትሰበስብ እንደ ነበር የሚያሳየን አንድ ጭረት እንኳ የለንም። ከሆላር ወይዘሮ ዘንድ አለባበሷ ቀርቶልናል፤ ከእናታችን ዘንድ የቀረልን ልብሷ ነው። ሣጥኑን በከፈትን ቁጥር የትኛው እንደሚበልጥ እናውቃለን።

ስለዚህ የሥዕል መምህራንን የምንለምነው ይህን ነው። ተማሪው እርሳሱን ይዞ በእናቱ ወይም በአያቱ ፊት ይቀመጥ። ጨርቁን ብቻ ሳይሆን የያዘውንም እጅ ይሣል። መሥመሩ ቢንጋደድ ግድ የለም፤ የሚያሳዝነው ሳይሠመር የቀረው ነው።