ለቁጥር ፍትሐት አይደረግም

«ጸሎት ምን ይሠራል?» የሚለው ጥያቄ አዲስ አይደለም። አገር መከራ በደረሰባት ጊዜ ሁሉ ይነሣል፤ በመኝታ ክፍል፣ በሻይ ቤት፣ በቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ እንከራከርበታለን። አንዱ ወገን «ሰው እየተገደለ እግዚኦ ማለት ሽሽት ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ «ዝም ብላችሁ ጸልዩ፤ የቀረው የእናንተ ፋንታ አይደለም» ይላል። ሁለቱ የተጣሉ ይምሰሉ እንጂ በአንድ ነገር ተስማምተዋል፤ ሁለቱም ጸሎትን ከዝምታ ቆጥረውታል። እኛ ከጢቾ የመጣን ተማሪዎች የማንስማማው እዚህ ላይ ነው።

በአርሲ ደጋ ያደገ ሰው ይህን ክርክር ከመጽሐፍ አይማረውም። በ1984 ዓ.ም. በአርባ ጉጉ የሆነውን ከታላላቆቻችን አፍ ሰምተን አደግን። ሰኔ 22 ቀን 2012 ሃጫሉ ሁንዴሳ አዲስ አበባ ላይ ተገድሎ፣ በማግሥቱ በአርሲ ከተሞች ቤት ሲቃጠልና ሰው ሲሞት፣ እኛ ገና ደብተር ተሸካሚ ልጆች ነበርን። በኅዳር 2016 ደግሞ ከእኛ ብዙ በማይርቀው በሽርካ ወረዳ ምእመናን በታጣቂዎች ተገደሉ። ኅዳር እኛ ዘንድ አዝመራ የሚሰበሰብበት፣ ጾመ ነቢያትም የሚገባበት ወር ነው።

ዜናው የደረሰን በቁጥር ነበር። አንዱ ከሃያ በላይ አለ፤ ሌላው ከሠላሳ በላይ። ከዚያማ ምን ይጠየቃል፤ ክርክሩ በቁጥሩ ላይ ሆነና ሟቾቹ ተረሱ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ዜና በቁጥር ይነገራል፤ ፍትሐት ግን በቁጥር አይሆንም። ይህን ያህል ሰው ሞቷል ብሎ ቄስ ዘንድ ለሄደ ሰው የሚቀርብለት ጥያቄ «ስመ ክርስትናቸው ማን ማን ነው?» የሚል ነው። ስሙን ለማወቅ ወደ እናቲቱ፣ ወደ ክርስትና አባቱ፣ ወደ ጎረቤቱ መሄድ ሊያስፈልግ ነው። እዚያ የደረሰ ሰው ደግሞ ስም ብቻ ይዞ አይመለስም። ያልታጨደውን ማሳ ያያል። አባት የሌላቸውን ልጆች ያያል። ያመለጠው ሰው ምን እንዳየ ይሰማል። ምስክርነት የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ፍርድ ቤትም ቢሆን የሚፈልገው ያንኑ ነው፦ ማን ሞተ፣ የት፣ መቼ፣ በማን እጅ? ታዲያ ጸሎት ሽሽት ቢሆን ኖሮ እስከ ሟቹ ቤት ባልወሰደን ነበር።

በሚያዝያ 2007 ራሱን እስላማዊ መንግሥት ብሎ የሚጠራው ቡድን ሊቢያ ውስጥ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችን መግደሉን በቪዲዮ ሲያሳይ፣ ዓለም የሰማው «ወደ 30 የሚሆኑ» የሚል ቃል ነበር። አዲስ አበባ ያለው የቂርቆስ ሰፈር ግን ከመካከላቸው ሁለቱን የራሱን ልጆች ለየ። ድንኳን ተተከለ፤ ለቅሶ ደራሹ ሰፈሩን ሞላው። ቁጥሩ ሰው የሆነው ያን ጊዜ ነው። ቅዱስ ሲኖዶስም ሟቾቹን ሰማዕታት አላቸው።

ስመ ክርስትና ሌላም ነገር አለው። በአርሲ ኦርቶዶክሱ ኦሮሞም ነው፣ አማራም ነው። የመታወቂያ ስም ባለቤቱ ከየት እንደሆነ ሊናገርበት፣ ሊያስገድለውም ይችላል። ወለተ ማርያም፣ ገብረ ሚካኤል ሲባል ግን ወገን አይታወቅም። ገዳይ ለይቶ ይገድላል፤ ፍትሐት አይለይም።

እስከዚህ ያለው ቀላሉ ነው። የሚከብደው ስለ ገዳዩ መጸለይ ነው። ከጥር 29 እስከ የካቲት 1 ቀን 2015 ምእመኑ ጥቁር ለብሶ ጾመ ነነዌን ጾመ። ያለ ሲኖዶሱ ፈቃድ ጳጳሳት ተሾመው ቤተ ክርስቲያን ታውካ ነበር፤ ጾሙ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረውም ሻሸመኔ ላይ ደም ፈሰሰ። በነዚያ ሦስት ቀኖች የሚነበበው የዮናስ ታሪክ ነው። የነነዌ ንጉሥ ያወጀው ማቅና ጾም ብቻ አልነበረም፤ ሰው ሁሉ ግፉን እንዲተው ጭምር ነበር። ከተማይቱ የዮናስ ወገን አልነበረችም፤ የጠላት ከተማ ነበረች። ስትማርለት ደስ አላለውም፤ ተቆጣ። እኛስ? «ማረን» እያልን ስንቆም ልባችን በስተኋላ «እሱን ግን አትማረው» አይልምን?

መልሱ ከታሪኩ ውስጥ ያለ ይመስለናል። ነነዌ የተማረችው ግፏን ስለተወች ነው። ስለዚህ ለገዳይ መጸለይ ማለት እጁን እንዲያነሣ መለመን እንጂ ከፍርድ ያምልጥ ማለት አይደለም። ይጸጸት ብሎ መጸለይና ለፍርድ ይቅረብ ብሎ መጮህ አይጣሉም። የሚጣሉት ጸሎትና በቀል ናቸው። ለሟቹ የጸለየ ሰው፣ አብሮት ድንኳን ተክሎ፣ አብሮት አልቅሶ የዋለውን ሙስሊም ጎረቤቱን በገዳዩ ዕዳ ሊይዘው አይችልም።

የአርሲ ኦሮሞ እናቶች ይህን ነገር ከማናችንም በፊት ያውቁታል። ድርቅ ሲበረታ፣ ሰው ከሰው ሲጋጭ፣ ሲንቄያቸውን ይዘው ለአቴቴ ይወጣሉ። በተጣሉ ሰዎች መካከል ሲንቄ ከቆመ ጠቡ መብረድ አለበት፤ እሱን ጥሶ ማለፍ ነውር ነው። ልመናቸው እግር አለው ማለት ነው፤ እመካከል ድረስ ይሄዳል። በአገራችን ካህናት መስቀል ይዘው በባላንጣዎች መካከል የሚገቡትም በዚሁ መንገድ ነው።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፣ በግቢያችን ለሟቾች ሻማ እናብራ ሲባል አንድ ነገር እንጠይቃችኋለን። ቁጥር ይዛችሁ አትምጡ። ከየአገራችሁ፣ ከየመንደራችሁ ደውላችሁ፣ ጠይቃችሁ፣ ስም ይዛችሁ ኑ። የክርስቲያኑን በስመ ክርስትናው፣ የሙስሊሙንም በስሙ። ዝርዝሩ ይረዝም ይሆናል፣ ሻማውም አልቆ ጨለማ ውስጥ ልንቆም እንችላለን። ይሁን። ስሙ የተጠራለትን ሰው እንዳልሞተ፣ እንዳልነበረ አድርጎ ማውራት ለማንም ቀላል አይሆንም።