ስለ ክንፍ ማለስለስ

ልጆች ሆይ፤ አይሮፕላን የሚሠራው በታላቅ ፋብሪካ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ አገር በገዛ ቤቱ ሠርቶ በሠራው የሚበር ሰው ብዙ ነው። ከእነዚህ የቤት አይሮፕላኖች አንዱ ቫሪኢዚ ይባላል። ንድፉን ያወጣው በርት ሩታን የሚባል መሐንዲስ ነው፤ መጀመሪያ የበረረውም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1975 ዓ.ም. ነው። እኔም የአሠራሩን ሥርዓት ስመረምር ስለ ሰው ጠባይ የሚያስተምር ነገር አገኘሁበት።

ክንፉ እንዲህ ይሠራል። አስቀድሞ ፎም የሚባለውን ቀላል ነገር በኤሌክትሪክ በጋለ ቀጭን ሽቦ በክንፍ መልክ ይቈርጡታል። ፎም ግን እንደ እንጀራ ዓይን አለው። ስለዚህ ኤፖክሲ የሚባለውን ሙጫ፥ እንደ ዱቄት ከደቀቁ ባዶ የመስታወት እንክብሎች ጋር ለውሰው ዓይኑን ይደፍኑታል። በላዩም ከመስታወት ክር የተሸመነውን ፋይበርግላስ የሚባለውን ጨርቅ አልብሰው በሙጫ ያርሱታል። ሙጫው ቢያንስ ጨርቁ አይያያዝም፤ ቢበዛም ክብደት እንጂ ብርታት አይጨምርም።

ሙጫው ሲደርቅ ገጹ ሻካራ ነው፤ አንዳንዱ ስፍራ ጕብ፥ አንዳንዱም ጐድጓዳ ይሆናል። ትዕግሥት የሌለው ሰው ጕብ ያለውን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ሊያስተካክል ይወዳል። ነገር ግን የክንፉ ብርታት በመስታወቱ ክር ነውና፥ ክሩን የፋቀ ክንፉን አደከመ። ይህም ድካም ቀለም ከተቀባ በኋላ ለማንም አይታይም።

ብልህ ሠራተኛ ግን የሙጫውን ወዝ ብቻ በቀስታ ያደበዝዛል፤ ይኸውም ስቱኮው እንዲይዝለት ነው። ከዚያም ከሙጫና ከእንክብል የተለወሰውን ቀላል ስቱኮ በጐድጓዳው ይሞላል። ሲደርቅም ብርጭቆ ወረቀት በረጅምና ቀጥ ባለ እንጨት ላይ ለጥፎ ስቱኮውን ይፍቃል፤ አጭር እንጨት ጐድጓዳውን ተከትሎ ይወርዳልና። ክሩ ብቅ ማለት ሲጀምር እጁን ያቆማል።

እኔ በልጅነቴ ብራና ሲፋቅ አይ ነበር። ከመጠን ያለፈ የተፋቀ ብራና ይቀደዳል፤ ፋቂውም ሌላ ቆዳ ይወጥራል። በሰማይ ግን ሌላ ክንፍ አይገኝም።

ልስላሴው ለጌጥ ብቻ አይደለም። ቫሪኢዚ ከፊቱ ትንሽ ክንፍ አለው። ከዚህ ዓይነት አይሮፕላኖች በአንዳንዶቹ የዝናብ ጠብታ በዚያ ክንፍ ላይ ሲያርፍ የነፋሱ አካሄድ ተለውጦ አፍንጫቸው ወደ ታች ያዘነብላል። ጠብታ ይህን ካደረገ፥ ጕብና ጐድጓዳ እንዴት አይጐዳ! በመጨረሻም ክንፉን ነጭ ይቀቡታል፤ ጥቁር ቀለም የፀሐይን ሙቀት ይስባል፥ ሙቀትም ፎሙንና ሙጫውን ያለሰልሳልና።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፤ ውበት መልካም ነው፤ ብርታትን በልቶ የመጣ ውበት ግን ባለቤቱን ይጥላል። ፊደሉን ሳይለይ ገጹን በቃሉ ይዞ የሚያነብ የሚመስል ተማሪ፥ ክሩ ተፍቆ ቀለም እንደ ተቀባ ክንፍ ነው፤ አዲስ ገጽ በተገለጠለት ቀን ይወድቃል። ስለዚህ ጐድጓዳችሁን ሙሉ፤ የሚሸከማችሁን ግን አትፋቁ።