ስለ አንድ ዝምተኛ የደጋ ወፍ

ሰው ከባሕር ማዶ ያለውን ነገር ለማወቅ ሲቸኵል በደጃፉ ያለውን ሳያውቅ ዕድሜውን ይጨርሳል። ልጆቻችን የአንበሳንና የዝኆንን ጠባይ ከትምህርት ቤት ተምረው ሲነግሩን ደስ ይለናል፤ ነገር ግን ከመስኮታችን ፊት ለፊት በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ የሚውለው ትንሽ ወፍ ምን እንደ ኾነ ብንጠይቃቸው «ወፍ ነው» ከማለት በቀር ሌላ መልስ የላቸውም። ስለዚህ የዚህን ወፍ ነገር ለተከበሩ አንባቢዎች በአጭሩ ልናቀርብ አሰብን።

ይህ ወፍ ዝንብ እየያዙ ከሚበሉት ወፎች ወገን ነው። ርዝመቱ ከመንቍሩ እስከ ጅራቱ ጫፍ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ጀርባው ጠቆር ያለ ቡናማ፥ ሆዱ አመድማ ነው፤ በደረቱ ላይ ጌጥ፥ በራሱ ላይ ቍንጮ የለውም። በሸዋ ደጋ የምናየውን የጐለመሰውን ወፍ ለይቶ የሚያሳውቀን ዓይኑ ነው፤ ነጣ ያለ ቢጫ ስለ ኾነ በጠቆረው ፊቱ ላይ ጐልቶ ይታያል። ጫጩቱ ግን ከጎጆው ሲወጣ ላባው ነጠብጣብ የበዛበት ስለ ኾነ ወላጆቹን አይመስልም።

የሚያድነው በትዕግሥት ነው። በዱር ዳር ወይም በአትክልት ቦታ በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጦ አካባቢውን ይመለከታል። ዝንብ ወይም ሌላ በራሪ ነፍሳት ሲያልፍ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ተወርውሮ በአየር ላይ ይቀልበውና ወደ ቅርንጫፉ ይመለሳል፤ አንዳንድ ጊዜም በሣሩ ላይ የሚሄደውን ለመያዝ ወደ ምድር ይወርዳል። መንቍሩ ከሥሩ ሰፋና ጠፍጠፍ ያለ ነው፤ በአፉ ዙሪያም ጠንካራ ጠጕሮች አሉ። ድምፁ ጐልቶ የሚሰማ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜም ብቻውን ወይም ኹለት ኾኖ ስለሚታይ፥ ልብ ብሎ ላልተመለከተው ሰው እንደሌለ ይቈጠራል።

ዘመዶቹን ከእርሱ መለየት ያስፈልጋል። በመስከረምና በጥቅምት በአትክልታችን የሚታየው፥ ደረቱ ነጣ ብሎ ጭረት ያለበት ዝንብ ያዥ የመንገድ እንግዳ ነው፤ በኤውሮጳ ተፈልፍሎ የክረምቱን ብርድ ሸሽቶ ወደ አፍሪቃ ደቡብ ሲወርድ በአገራችን ያልፋል። ሌላውና አነስ ያለው አመድማ ዝንብ ያዥ ከእኛ ደጋ ዠምሮ እስከ ደቡብ አፍሪቃ ድረስ በየተራራው ይገኛል። የእኛ ወፍ ግን እንግዳም አይደለም፥ በሌላ አገርም ርስት የለውም። በዓለም ላይ የሚኖረው በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብቻ ነው። በእንጦጦ፥ በመናገሻ ደን፥ ከአንኮበር አጠገብ ባለው በወፍ ዋሻ፥ በባሌም ተራሮች በዲንሾ ይታያል። በረኻውን አቋርጦ ሌላ ደጋ አይፈልግም፤ ዝናብም ኾነ በጋ እዚሁ ነው።

ወፉን ለሊቃውንት ያስተዋወቀው ኤድዋርድ ሩፔል የተባለ የፍራንክፉርት ሰው ነው። ይህ ሰው እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1831 ዓ.ም. በምጽዋ ገብቶ፥ የሰሜንን ተራሮች አልፎ እስከ ጎንደር ደረሰ፤ የሰበሰበውንም የአራዊትና የአዕዋፍ ናሙና በፍራንክፉርት ከተማ ላለው ለዜንከንበርግ ቤተ መዘክር አስረከበ። ዋልያን፥ ጭላዳን፥ ቀይ ቀበሮንም በሳይንስ ስማቸው የጻፈ እርሱ ነው። በ1840 ዓ.ም. ደግሞ ይህን ወፍ ከቀለሙ የተነሣ «ቾኮላቲና» ብሎ ሰየመው፤ ዛሬ ሊቃውንት «ሜላዬኖርኒስ ቾኮላቲኑስ» ይሉታል፤ የፊተኛው ቃል በግሪክ ቋንቋ ጥቍር ወፍ ማለት ነው። ዋልያና ቀይ ቀበሮ ዛሬ የአገር መታወቂያ ኾነው በየቦታው ሥዕላቸው ይታያል። በአንድ ሰው እጅ የተጻፈው ይህ ወፍ ግን በደጃችን እየኖረ ሥዕሉን የሚያውቅ ጥቂት ነው።

ይህን ወፍ በቤታችን ከኹላችን በፊት ለይተው ያወቁት እናታችን ናቸው። ጧት ጧት በበረንዳው ላይ ፀሓይ ሲሞቁ ስለሚያዩት «ዝምተኛው» ይሉታል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ልጃችን ሊያገባ በተቃረበ ጊዜ፥ ለሙሽሮቹ ኹለት ክፍል ቤት ልንሠራ ግንበኛ አስጠራን። ግንበኛውም ቦታውን በገመድ ለክቶ፥ አሮጌው ወይራ ካልተቈረጠ ቤቱ ሙሉ አይኾንም አለ። እናታችን ይህን ሰምተው «ታዲያ ዝምተኛው ወዴት ይኺድ?» ሲሉ ጠየቁ። ግንበኛውም በትሕትና ጐንበስ ብሎ «እሜቴ፥ እርሱ እኮ ክንፍ አለው፤ ወደ ሌላ ዛፍ ይኼዳል» አላቸው። እርሳቸውም «እሺ ልጄ፥ ሌላውን ዛፍ አሳየኝ» አሉት።

ኹላችንም ከበረንዳው ላይ ኾነን ተመለከትን። ከታች እስከ ወንዙ ድረስ የቆርቆሮ ጣራ ብቻ ነው። ከላይ በኩል የባሕር ዛፍ ይታያል። ከዚያ ወዲያ ያለው የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥድና ወይራ ነው። በሰፈራችን ጥላው የቈየ ያገር ዛፍ ከዚያና ከእኛ ግቢ በቀር አላየንም። ነገሩ ቀላል አልነበረም፤ ልጃችን ቤት ያስፈልገዋል፥ የምንሠራበትም ሌላ ቦታ የለንም። ከሙሽራዪቱ ቤተ ሰብ ጋራ ስንመክር ጥቂት ቅሬታ ተሰማ። በመጨረሻ ልጃችን ራሱ ተነሥቶ «አንዱ ክፍል በኹለት ክንድ ይጠበብና ግድግዳው ከዛፉ ወዲህ ይቁም» አለ። እንደ ቃሉም ተሠራ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አልጋና ሣጥን ከገባበት በኋላ ለሌላ ነገር ስፍራ የለውም። ምራታችን መዠመሪያ ላይ ትንሽ ተከፍታ ነበር፤ ዛሬ ግን ሕፃኗን የምታስተኛው በወይራው ጥላ ሥር ነው።

ይህን የጻፍነው ወፉ ሊጠፋ ነው ለማለት አይደለም። የአዕዋፍን ነገር የሚመረምሩ ሊቃውንት ለጥፋት ከተቃረቡት ወገን አልቈጠሩትም። ይኹን እንጂ አገሩ ይህ ደጋ ብቻ ስለ ኾነ፥ እዚህ የጐደለው ዛፍ በሌላ አገር አይተካለትም። እርሱን የመጠበቅ ዕዳም ለሌላ ሕዝብ የሚተላለፍ አይደለም። ይህ ዕዳ ደግሞ ከባድ ወጪ የሚጠይቅ አይደለምና፥ ማንኛውም ባለ ግቢ ሊፈጽመው የሚችለውን እንደሚከተለው እናመለክታለን።

መዠመሪያ፥ ቤት ስትሠሩ የቈየውን ዛፍ ከመቍረጣችሁ በፊት ግድግዳውን ማዛወር ይቻል እንደ ኾነ ግንበኛውን ጠይቁ። ኹለተኛ፥ ባሕር ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ ጠቃሚ መኾኑ የታወቀ ቢኾንም፥ ከእርሱ ጋራ ወይራ፥ ጥድ፥ ከፍ ባለውም ደጋ ኮሶ ትከሉ። ሦስተኛ፥ ልጆች በወንጭፍ ወፍ እንዳይመቱ በቍጣ ብቻ ሳይኾን በማስተማር ከልክሉ። ለዚህም የሚረዳ አንድ መንገድ አለ፤ ልጁን ጧት አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ፥ ወፉ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ስንት ጊዜ ከቅርንጫፉ ተነሥቶ እንደሚመለስ አስቈጥሩት። በጣቱ እየቈጠረ የተመለከተውን ወፍ በድንጋይ ለመምታት እጁ አይፈጥንም፤ እናንተም ከሥራ በፊት ያለችውን ግማሽ ሰዓት ከልጃችሁ ጋራ በደኅና ታሳልፋላችሁ።