ስንዴውን ማን ይጠብቀው?

በዚህ ጽሑፍ የማነሳው ጥያቄ አጭር ነው። በአንድ ጉባኤ ውስጥ እውነተኛው አማኝ በምን ይታወቃል? ከታወቀስ በኋላ ማን ይንከባከበዋል?

ያደግኩት ደራ ነው። ደራ ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ሞቅ ያለች ከተማ ናት። ሽቅብ ወደ አሰላ በተጓዝን ቁጥር አየሩ እየቀዘቀዘ፣ የስንዴው ማሳም እየሰፋ ይሄዳል። የአርሲ ገበሬ ስለ ስንዴና እንክርዳድ የሚናገረውን የወንጌል ምሳሌ ለመረዳት ሰባኪ አያስፈልገውም። እንክርዳድ በቡቃያው ጊዜ ቁርጥ ስንዴ ይመስላል። የሚለየው ዛላ ሲያወጣ ነው። ሰውም እንደዚሁ ጊዜ ይፈልጋል።

ለጥያቄዬ የተሻለ መልስ ያገኘሁት ከጎረቤታችን ከአዳማ ነው። የሜኖናይት ሚስዮናውያን በያኔዋ ናዝሬት ሆስፒታል ከፍተው ይሠሩ ነበር። ከእነሱ ሥራ የተወለደችው መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በጥር 1974 ዓ.ም. በደርግ ተዘጋች። ንብረቷ ተወረሰ፤ መሪዎቿም ታሰሩ፣ አንዳንዶቹም ለዓመታት። ያኔ አባላቷ 5,000 ገደማ ነበሩ። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ወድቆ ወደ አደባባይ ስትመለስ ግን ወደ 34,000 ደርሰው ተገኙ።

ይህ እንዴት ሆነ? አዳራሹ ሲዘጋ ምዕመኑ ጥቂት ጥቂት እየሆነ በየቤቱ መሰብሰብ ጀመረ። ሲዘምሩም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። ሰርግና ለቅሶ ሳይቀር መገናኛ ሆነ። አዲስ ሰው ደግሞ ዝም ብሎ አይገባም ነበር፤ ጆሮ ጠቢ ሊሆን ይችላላ! መጀመሪያ የሚያውቀው ሰው ያስተምረዋል፣ ኑሮውን ያያል፣ ከዚያ ነው ከሌሎቹ ጋር የሚያገናኘው። እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ምንጭ ማጣራት የምንለው ነገር ማለት ነው። ያጣሩት ግን በቃል አልነበረም። "አምናለሁ" ማለት ለጆሮ ጠቢውም አይከብድም። ማመን ሥራ በሚያሳጣበት፣ በሚያሳስርበት ዘመን ጸንቶ የቆየ ሰው ግን ራሱ ማስረጃ ነው።

ሌላም ነገር አለ። በትንሽ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ቢቀር ወዲያው ያስታውቃል። እዚያ አማኙን ማወቅና መንከባከብ አንድ ሥራ ነበር ማለት ነው።

ዛሬስ? አክስቴ በምትሄድበት አጥቢያ ከሃያ ዓመት በላይ አገልግላለች። አገልግሎቷ መድረክ ላይ አይደለም። ወንበር ትወለውላለች፣ የታመመ ትጠይቃለች፣ ለለቀስተኛ ቡና ታፈላለች። ባለፈው ክረምት ወገቧን ታማ ሁለት ወር ሙሉ ተኛች። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መጥታ የጠየቀቻት አንዲት የሰፈር ልጅ ብቻ ነበረች። በዚያው ሰሞን ለእንግዳ ሰባኪ መቀበያ መዋጮ ይሰበሰብ ነበር። በጣም ተናደድኩ።

"እትዬ፣ አልከፋሽም?" አልኳት።

"እኔንስ አንዷ ጠይቃኛለች። እኔ እየዞርኩ የምጠይቃቸውን አሁን ማን እየጠየቃቸው ይሆን?" አለችኝ።

ከዚህ በላይ ምን ማጣሪያ ይኖራል? ታማ ተኝታ እንኳ የምታስበው ሌሎቹን ነው። ግን ስሟ በማስታወቂያ አይነገርም፣ ፎቶዋም አይለጠፍም።

አንዳንዱ ደግሞ "እውነተኛውን እንለይ" ሲባል ሐሰተኛ ማደን ይመስለዋል። በምሳሌው ውስጥ ባለ እርሻው እንክርዳዱን ለመንቀል የቸኮሉትን ሠራተኞች ከልክሏቸዋል፤ ስንዴው አብሮ እንዳይነቀል ብሎ። የእሱ ጭንቀት ለስንዴው ነው። እኛም ጉልበታችንን ወደዚያ ብናዞር ይሻላል። ከባድ ነገርም አይደለም። ጉባኤው ሲበዛ በየሰፈሩ በትንንሽ ቡድን ይከፈል፤ የቀረ ሰው ስሙ ይያዝ፤ በሳምንቱ ሳያልፍ አንድ ሰው ቤቱ ይሂድ። እግር ካለ በጀት አያስፈልገውም።

እንግዲህ በሚቀጥለው እሑድ ቤተ ክርስቲያን የምትሄዱ ጓደኞቼ፣ መድረኩን ከማየታችሁ በፊት ባዶውን ወንበር እዩ። ማን ነበር የሚቀመጥበት? ካላወቃችሁ ጠይቁ። ካወቃችሁ ደግሞ ከቅዳሴውም ሆነ ከስብከቱ መልስ ጎራ በሉ።

ቸር ያሰማን!