የኅዳር ሁለት ቀኖች

በደርግ ዘመን ደሴ ውስጥ፣ ለአብዮት በዓል ከየትምህርት ቤታችን ተሰልፈን ሆጤ ሜዳ እንሄድ ነበር። የማርክስ፣ የኤንግልስና የሌኒን ምስል ከፊት ይቀድማል፤ እኛ ከኋላ «ኢምፔሪያሊዝም ይውደም!» እያልን ጉሮሯችን ይደርቃል። ማታ አባቶቻችን በር ዘግተው፣ ሬዲዮ ዝቅ አድርገው የአሜሪካ ድምፅን ያዳምጣሉ። አገሪቱ ከዋሽንግተን ወደ ሞስኮ ለመዞር ሁለት ዓመት አልፈጀባትም፤ ሚያዝያ 1969 የአሜሪካ ጦር ቃኘው ጣቢያ እንዲዘጋ ታዘዘ፣ ኅዳር 1971 ከሶቪየት ኅብረት ጋር የወዳጅነት ውል ተፈረመ።

ዛሬ እዚያው ሆጤ ሻይ ቡና የሚሉ ወጣቶች ስልካቸውን ይዘው ይከራከራሉ። ቻይና ትሻለናለች፣ ሩሲያ አትከዳንም፣ አሜሪካ ካልፈቀደች ምንም አይሆንም። ክርክራቸው ከመሬት የተነሣ አይደለም፤ ሐረጎን ወርደው ኮምቦልቻ ቢደርሱ የኢንዱስትሪ ፓርኩን የገነባው የቻይና ኩባንያ፣ ሐዲዱን የዘረጋው የቱርክ ኩባንያ ነው። የሚቆረቁረኝ ጥያቄው አለመለወጡ ነው። ያኔም ዛሬም የማን ወገን እንሁን እንላለን፤ ኃያላኑ ስለ እኛ እኛ በሌለንበት ምን እንደሚነጋገሩ ግን አንጠይቅም።

ተማሪ ሳለን ስለ ደሴ ድብደባ ሰምተናል። ኅዳር 26 ቀን 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን በቦምብ አጋዩአት፤ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታል እንኳ አልተረፈም። ጃንሆይ ከተማው ውስጥ ነበሩ፤ መትረየስ ወደ ሰማይ ሲተኩሱ የሚያሳየው ፎቶግራፍ ዛሬም አለ። ያልተነገረን ከዚያ በኋላ ፓሪስ ላይ የሆነው ነው። ኅዳር 28 የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሙኤል ሆርና የፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ፒየር ላቫል ኢትዮጵያን በወረቀት ሸነሸኗት። ከትግራይና ከኦጋዴን ሰፊ መሬት ለጣሊያን፣ ደቡቡ ለጣሊያን የኢኮኖሚና የሰፈራ ቀጠና፣ ለእኛ ማካካሻ ወደ አሰብ የሚያወጣ ጠባብ መተላለፊያ። ደሴ በተደበደበች በሁለተኛው ቀን መሆኑ ነው!

ልማዱ የቆየ ነበር። በታኅሣሥ 1899 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ለንደን ላይ ተፈራርመው ለአንዷ የዓባይን ውሃ፣ ለሌላዋ የጅቡቲን ባቡር፣ ለሦስተኛዋ ኤርትራንና ሶማሊያን የሚያገናኝ መሬት መድበው ነበር። ምኒልክ ውሉ ሥልጣናቸውን እንደማይገድበው አስታወቁ።

የሆርና የላቫል ዕቅድ በጋዜጣ ሾልኮ ወጣና የእንግሊዝን ሕዝብ አስቆጣ፤ ሆር ሥልጣን ለቀቀ፤ ጃንሆይም አልተቀበሉትም። በሚያዝያ ግን ጣሊያን ደሴ ገባ።

የደሴ መምህራን፣ አደራችሁን፤ ኅዳር 26ን ስታስተምሩ ኅዳር 28ንም ጨምሩ።