መቼ ይለቀኛል?

እናቴ መርካቶ በርበሬ ተራ ትነግድ ነበር። ጠዋት ወደ ሥራዋ ከመሄዷ በፊት ሻይ አፍልቼ የማቀርብላት እኔ ነበርኩ። 14 ዓመት ሲሞላኝ ግን አንድ እንግዳ ነገር ጀመረኝ። ገና ከእንቅልፌ እንደ ነቃሁ እጄ ድንገት ይፈናጠርና የያዝኩት ብርጭቆ ያመልጠኛል። በአንድ ወር አራት ብርጭቆ ሰበርኩ። «ቀልብሽን ሰብስቢ እንጂ!» እያለች እናቴ ትቆጣኝ ነበር። ቀልቤስ ተሰብስቦ ነበር፤ አልታዘዝ ያለኝ እጄ ነው። በሽታ ነው ብሎ ያሰበ ማንም አልነበረም።

በ1991 ዓ.ም. የትንሣኤ ሰሞን ገበያው ደርቶ ሌሊቱን በርበሬ ስንቀነጥስ አደርን። በማግስቱ ጠዋት እናቴ መደብር ፊት ለፊት ወደቅኩ። የሆነውን አላውቅም፤ የማወራው የነገሩኝን ነው። ጆንያ የተሸከሙት ልጆች ሸክማቸውን ጥለው ራቁ። «አትንኳት፣ ይጋባል!» ተባለ። አንዱ ክብሪት ጭሮ አፍንጫዬ ሥር አስጠጋ፤ ሌላው በጥርሶቼ መካከል ማንኪያ ለማስገባት ታገለ። ስነቃ ምላሴ ተነክሶ፣ ቀሚሴ ረጥቦ፣ ሰው ከቦኝ ነበር። ከሕመሙ ይልቅ እስከ ዛሬ የማይረሳኝ ያ የረጠበ ቀሚስ ነው።

ከበርበሬ ተራ እስከ አማኑኤል ሆስፒታል በእግር ይኬዳል። እናቴ ግን ሦስት ሳምንት ፈጀባት። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተከፈተው ይህ ሆስፒታል ስሙ በከተማችን ለስድብም ይውላል። «አማኑኤል ገባች» ከተባለ ልጄን ማን ያገባታል ብላ ፈርታ ነው። በመጨረሻ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ወሰደችኝ። ሐኪሙ ስለ አወዳደቄ ከሰማ በኋላ፣ «ጠዋት ጠዋት ዕቃ ከእጅሽ ይወድቃል?» ብሎ ጠየቀኝ። ይህን ጊዜ እናቴ አለቀሰች።

የሚጥል በሽታ ነው አለን። ማታ ማታ የሚዋጥ ፌኖባርቢታል አዘዘልኝ፤ እንቅልፍ እንዳላጣም አስጠነቀቀኝ። የእኔ ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፦ «መቼ ይለቀኛል?»

«ሳታቋርጪ ውሰጂ። ሁለት ዓመት ሳትወድቂ ከቆየሽ ያኔ እንነጋገራለን» አለኝ።

ለ15 ዓመት ልጅ ሁለት ዓመት ዘላለም ነው። ክኒኑን አንድ ቀን እውጣለሁ፣ አንድ ቀን እረሳለሁ፤ በረሳሁ ቁጥርም እወድቃለሁ። እየበሰልኩ ስመጣ ግን ጠንቅቄ መውሰድ ጀመርኩ፤ 1996 ዓ.ም. ላይ ሳልወድቅ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆኖኝ ነበር። በዚያው ዓመት በአንድ የጸሎት ፕሮግራም ላይ ተጸለየልኝ። ጉባኤው በደስታ ሲጮኽ ማይክሮፎን ይዤ «ተፈውሻለሁ!» ብዬ መሰከርኩ። ክኒኑን ጣይው ያለኝ ሰው የለም። የዚያኑ ዕለት ማታ ሽንት ቤት የጣልኩት እኔው ነኝ፤ ከመሰከርኩ በኋላ መዋጥ ጌታን ማሳፈር መስሎ ታየኝ።

በዘጠነኛው ቀን፣ ከአዳር ጸሎት ስመለስ ወደቅኩ። ሳልነቃም ደግሞ ደጋገመኝ። ከሞት ነው የተረፍኩት። መድኃኒቱ በድንገት ሲቋረጥ በሽታው ብሶ እንደሚመጣ፣ ተደራርቦ ሲጥል ሊገድል እንደሚችል፣ ያልተኛሁበት ሌሊት ደግሞ ይባስ እንዳቀጣጠለው ሐኪሞቹ ነገሩኝ። አዳር ጸሎትን መንቀፌ አይደለም፤ በሽታው ላለበት ሰው ግን የቀን ጸሎትም ጸሎት መሆኑን የሚነግረው ያስፈልገዋል።

ሁለት ወር ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። በምን ፊቴ? የመሰከርኩት እኔ፣ የወደቅኩት እኔ! እምነቷን ጥላለች የሚል ወሬም ደረሰኝ። አንድ ቀን የአጥቢያችን እናት፣ ለወትሮው ብዙም የማያነጋግሩኝ፣ ቤት ድረስ መጡ። «እኔ የደም ግፊት ክኒን ስውጥ ሃያ ዓመቴ ነው። እምነት የለሽም ያለኝ የለም። ተነሺ፣ ጫማሽን አድርጊ» አሉኝ። አማኑኤል ድረስ አብረውኝ ሄዱ፤ ወረፋው ላይ ነጠላቸውን ሳይከናነቡ ተቀመጡ።

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ያለው ልጅ ታሪክ ስንት ጊዜ በእኔ ላይ ተነቧል! ማቴዎስ 4፥24ን ግን ማንም አላሳየኝም ነበር። ወንጌላዊው ወደ ጌታ የመጡትን ሕመምተኞች ሲዘረዝር አጋንንት ያደሩባቸውንና የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ለየብቻ ነው የሚጠራቸው። ጌታ እንደሚፈውስ አምናለሁ፤ ዛሬም ጸልዩልኝ እላለሁ።

በሽታው ብርቅ አይደለም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ከ60 ሺህ በላይ ሕዝብ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ሥራ፣ ከ1,000 ሰው 5 ያህሉ በሽታው እንዳለበት አግኝተዋል። ከሞላ ጎደል ሁሉም ዘመናዊ መድኃኒት ወስደው የማያውቁ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በትክክል ከታከሙ ከ100 ሕሙማን 70 ያህሉ ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ። እንግዲህ አንድ ሺህ ምእመን ባለበት ጉባኤ ውስጥ ስንቶቻችን ተደብቀን ተቀምጠናል?

በ1999 ዓ.ም. ለእጮኛዬ የነገርኩት ጭማቂ ቤት ቁጭ ብለን ነው። ብርጭቆዬን አልነካሁትም። ብዙ ዝም አለ፤ ከዚያ «ስትወድቂ ምን ላድርግ?» አለኝ። በጎኔ አስተኛኝ፣ አፌ ውስጥ ምንም አታስገባ፣ አትያዘኝ፣ ሰዓትህን ተመልከት፣ አምስት ደቂቃ ካለፈ ሐኪም ቤት ውሰደኝ አልኩት። በደብተሩ ላይ ጻፈው። ቤተሰቦቹን ለማሳመን ግን ስምንት ወር ወሰደ፤ «ወደ ልጅ ይተላለፋል» ብለው ሰጉ። አብረን ሐኪም ዘንድ ሄድን። ከእንዲህ ያለ ወላጅ የሚወለዱት አብዛኞቹ ልጆች በሽታው እንደማይይዛቸው ነገረን። በ2000 ዓ.ም. ተጋባን።

ይህን ለሚያነቡ ጥንዶች አንድ ነገር ልበል፦ ሐኪም ዘንድ የሚኬደው ካረገዙ በኋላ ሳይሆን በፊት ነው። ሶዲየም ቫልፕሮዬት የሚባለው መድኃኒት ፅንስን በእጅጉ ሊጎዳ ይችላል። አንዳንዶቹ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ደግሞ የእርግዝና መከላከያ ክኒንን ያዳክማሉ። ደንግጦ በራስ ማቋረጥ ግን ለእናትም ለፅንስም አደጋ ነው። እኔ ፎሊክ አሲድ የጀመርኩት ከማርገዜ ወራት በፊት ነው። ልጃችን በ2003 ዓ.ም. በሰላም ተወለደች። ከመውለዴ በፊት ያልወደቅኩት ሴት፣ በስድስተኛው ሳምንት እንቅልፍ አጥቼ ወደቅኩ። ከዚያ ወዲህ ሌሊት ለልጅቷ የሚነሣው ባለቤቴ ሆነ፤ እኔ ማታ አልቤ አስቀምጣለሁ። ጎረቤት ሳቀበት። እርሱ ግድ አልነበረውም።

በ2012 ዓ.ም. ሳልወድቅ ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ። ያቺን የ15 ዓመት ጥያቄዬን እንደ ገና ይዤ ሄድኩ። ሐኪሙ ዕድሉ ጠባብ እንደሆነ አልደበቀኝም። በልጅነት የሚጀምሩ አንዳንድ ዓይነቶች በጉርምስና ጊዜ ይተዋሉ፤ እንደ እኔ በጉርምስና ጀምሮ ጠዋት እጅን የሚያፈናጥረው ግን በመድኃኒት ደኅና ይገታል፣ መድኃኒቱ ሲቆም ብዙውን ጊዜ ይመለሳል። ቢሆንም በጣም በዝግታ፣ በእርሱ ክትትል መቀነስ ጀመርን። በአራተኛው ወር አንድ ጠዋት ብርጭቆ ከእጄ አመለጠ። ባለቤቴ ድምፁን ሰምቶ መጣ። ምንም አላለኝም፤ መጥረጊያውን አነሣ። የዚያኑ ዕለት ወደ ቀድሞው መጠን ተመለስኩ። አለቀስኩ፣ አልዋሽም። ነገር ግን እንደ 1996ቱ አልተደበቅኩም፤ እሑድ ዕለት ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ።

ልጃችን አሁን 14 ዓመቷ ነው። ባለፈው ሳምንት ጠዋት ወጥ ቤት ብርጭቆ ተሰበረ። እኔና ባለቤቴ ተያየን።

«እጄ ላይ ሳሙና ነበረ» አለች ከውስጥ።

«ሌሊት ደኅና ተኝተሻል?» አልኳት።