40 ሺህ የተባልኩት መብራት

ወዳጆቼ፣ ባለፈው ሳምንት ከባምባሲ ወደ አሶሳ ስመለስ የወንድሜ ኮሮላ ዳሽቦርድ ላይ ያቺ የምትንሸራተት መኪና ምልክት በራች። ኤቢኤስም ተከተለ። የክረምቱን ጭቃ ታውቁታላችሁ። ሰኞ ደግሞ እናታችንን ለሕክምና ነቀምቴ ልናደርስ ነው።

አንድ ጋራዥ ምንም ሳይፈታ "ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል፤ ከሶማሌ ተራ ይምጣ፣ 40 ሺህ" አለኝ። የመምህር ደመወዝ ስንት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም!

መካኒክ የሆነ የድሮ ተማሪዬ ጋ ሄድኩ። "ቲቸር፣ መጀመሪያ ኮዱን እንይ" ብሎ ስካነር ሰካ። የፊት ቀኝ ጎማ ሴንሰር ነው አለ። ነገሩ እኮ እኔው ያስተማርኩት ፊዚክስ ነው፦ ሴንሰሩ የጎማውን ፍጥነት በማግኔት ያነባል፣ ኮምፒውተሩ አራቱን ጎማ ያወዳድራል። አንዱ ዝም ካለው መኪናዋን ከመንሸራተት የሚይዘውን ሲስተም ያጠፋዋል። ተራው ፍሬን ይሠራል፤ ጎማ ሲያንሸራትት ግን የሚደርስልህ የለም።

ጎማውን ሲፈታ ሴንሰሩ ጫፍ ላይ ቀይ ጭቃና የብረት ብናኝ ተጋግሮበታል። ጠረገው፣ ሶኬቱን አደረቀ፣ ኮዱን አጠፋ። 300 ብር። "ድጋሚ ከበራ ሽቦውን እናያለን፣ ከዚያ በኋላ ነው ሴንሰር የምትገዛው" አለኝ።

ሰኞ ነቀምቴ ደርሰን ተመልሰናል። መብራቷም አልበራችም።